ዋሽንግተን ታትሞ እስቴ ያልተሰማ

እ.ኤ.አ. በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ «1432 አር» የተባለ አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ ሥራውን በአንድ ሸክላ ጀመረ። የሸክላው ርእስ «የአራዳ ልጅ» ይላል፤ ሠሪው ሚካኤል ሰይፉ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሙዚቃው እንደለመድነው ዘፋኝ ከፊት፣ ባንድ ከኋላ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ምት፣ ከሥር እየተጎተተ የሚሄድ ወፍራም ባስ፣ በመካከሉ ደግሞ ብቅ እያለ የሚሰወር የአገር ቤት ድምፅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ያው አሳታሚ እንደገና ሙሉ የተባለ ሌላ ሠሪ ያዘጋጀውን «ቀን ሰው» አወጣ። የእንደገና የመድረክ ስም «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» ነው፤ ስሙን ሰምቶ ድርጅት የሚመስለው አይጠፋም፣ ግን አንድ ሰው ነው። ሁለቱም የሚሠሩትን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የሚካኤል «ዘላለም» ኒው ዮርክ በሚገኘው «አርቪኤንጂ» በኩል ታተመ።

ስለ እነዚህ ሸክላዎች በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። ለንደንና ኒው ዮርክ ያሉ የሙዚቃ ጸሐፊዎች አሞገሷቸው፤ ሚካኤልን ከለንደኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ቤሪያል ጋር ያነጻጸሩትም ነበሩ። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ምቱን በሚገባ ይሰሙታል። ባሱ የት እንደገባ፣ የት እንደተወ፣ ከየትኛው የእንግሊዝ ሰፈር ሙዚቃ ጋር እንደሚዛመድ ያስረዳሉ። በሙዚቃው ውስጥ ያለው ማሲንቆ ላይ ሲደርሱ ግን ቃል ያጥራቸዋል፤ ጥንታዊ፣ ምሥጢራዊ፣ ከሩቅ የመጣ ብለው ያልፉታል። አይፈረድባቸውም። ማሲንቆ ሲናገር የሚሰማ ጆሮ ያለው እዚህ ነው። እዚህ ደግሞ በአማርኛ፣ ስለ እነዚህ ሥራዎች ጠለቅ ያለ ትችት እስካሁን አላነበብኩም። እኔ ባለሁባት በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥም የሠሪዎቹን ስም የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት ራሴ ካሰማኋቸው መካከል ብቻ ነው።

ይህ ያሳስበኛል። ሙዚቃው ተሠራ፣ ታተመ፣ ተገመገመ፣ ውጭ አገር መድረክ ላይ ወጣ። ዳኛው ፊት ግን ገና አልቀረበም። ዳኛ የምለው ማሲንቆውን በሰርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበር፣ በጠላ ቤት ሲሰማ ያደገውን፣ አዝማሪው ሲሳሳት ፈገግ የሚለውን፣ ሲያገኝ ደግሞ ከመቀመጫው ተነሥቶ ብር ግንባሩ ላይ የሚለጥፈውን የእስቴን፣ የስማዳን፣ የጋይንትን ሰው ነው።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ከየት እንደመጣ በአጭሩ ላንሣ። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ከ1980 እስከ 1983 (እ.ኤ.አ.) «ቲአር 808» የተባለ የከበሮ ማሽን ሠራ፤ የተመረተው 12,000 ገደማ ነው። ድምፁ የእውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ማምረቱም ቆመ። ያገለገለው ማሽን በርካሽ ሲሸጥ ገንዘብ የሌላቸው የኒው ዮርክ፣ የዲትሮይትና የማያሚ ጥቁር ወጣቶች ገዙት። የባስ ከበሮው አንዴ ሲመታ ቶሎ አይሞትም፤ ደረት ውስጥ ይቆያል። ማሽኑ ገና እየተመረተ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የአፍሪካ ባምባታ «ፕላኔት ሮክ» ሲወጣ ያ ድምፅ የጭፈራ ቤቶችን መልክ ለወጠ። ከዚያ የቀጠለው ኤሌክትሮ የሚባለው ሙዚቃ ነው።

ከነዚያ ሠሪዎች መካከል ልቤን የያዘው «ድሬክሲያ» የተባለው የዲትሮይት ቡድን ነው፤ ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ። ፊታቸውን ደብቀው ነበር የሚሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ሥራ ሽፋን ላይ አንድ ታሪክ አሳተሙ፤ በባሪያ ንግድ ዘመን ከመርከብ ወደ ውቅያኖስ የተጣሉ ነፍሰ ጡር እናቶች ልጆች ውኃ ውስጥ መተንፈስ ተምረው ከጥልቁ ሥር አገር መሠረቱ ይላል። ያ ሁሉ ባስ፣ ያ ሁሉ ማሽን የራሳቸውን ሕዝብ ሐዘን የተሸከመ ነበር። ሙዚቃው ሬዲዮ ላይ የሚዘወተር አልነበረም። ቢሆንም የሠፈራቸው ሰው ያውቀው ነበር፤ የጨፈረበትም የፈረደበትም መጀመሪያ ዲትሮይት ነው። ስቲንሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ካረፈ ወዲህ ሥራው እንደገና እየታተመ ዓለምን የዞረው የገዛ ከተማው ቀድሞ ስለመሰከረለት ጭምር ይመስለኛል።

የእኛዎቹ መንገድ ተገልብጧል። ሚካኤል ኒው ጀርሲ በራማፖ ኮሌጅ ሲማር፣ ጥሩምባን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ያዋሐደው ቤን ኒል አስተምሮታል፤ ሸክላው ዋሽንግተን ታተመ፣ ምስጋናው ለንደን ተጻፈ። ወደ አገር ቤት የሚመለሰው እንግዲህ በመጨረሻ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ላይ፣ ለጥቂት ሰዎች። ከአባይ ወዲህ ያለነው ወሬውም አልደረሰንም።

አንድ ቴክኒካዊ ነገርም አለ፣ ሰዎች አቅልለው ያዩታል። ባስ በስልክ አይሰማም። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ስምንት ሜትር ያልፋል። ያንን አየር ለመግፋት ሰፊ ባፍል ያስፈልጋል፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ ቅንጣትም አያወጣውም። ስለዚህ «ዘላለም»ን በስልክ የሰማ ሰው ግማሹን ሙዚቃ አልሰማም፤ የቀረው ከላይ ያለው ሿሿታ ነው። እንዲህ ሰምቶ «ምንም የለበትም» ቢል እውነቱን ነው። እኔ መጀመሪያ በስልክ ያሰማኋቸው ወጣቶች ያሉት ይህንኑ ነበር። በኋላ አንድ ሙዚቃ ቤት በራፍ ላይ በቆመ ሞንታርቦ ያንኑ ሥራ ስንከፍተው በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያልቅ አዳመጡና ከበሮው መልካም እንደሆነ፣ ማሲንቆ መቺው ግን ለምን እንደሚያቋርጥ ጠየቁ። በእንግሊዝኛ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ወደ ነገሩ የቀረበው ያ ጥያቄ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሞንታርቦውም አለን፣ ጆሮውም አለን። በጥርና ከትንሣኤ በኋላ ሰርግ ሲደራ እስቴ ውስጥ ዳስ በተጣለበት ሁሉ ባፍል ይቆማል፤ ኦርጋን ይገባል፤ ማሲንቆው ማይክ ይደቀንበታል። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል። ኦርጋኒስቱ በግራ እጁ ባሱን ሲያስገባ ዳሱ ውስጥ ያለው እስክስታ ወዲያው ይለወጣል፤ ትከሻው ወደ ታች ይከብዳል፣ አንገት ይዘገያል። ኤሌክትሮኒክ ባስና ማሲንቆ በአንድ ዳስ ከዋሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲስ ነገር ነው ተብሎ ሲጻፍ ያነበብኩት ሁሉ ይህን አያውቅም። ልዩነቱ የሰርጉ ኦርጋን ፋብሪካ የጫነለትን ምት ይዞ መሄዱ፣ እነሚካኤል ደግሞ ምቱን ከባዶ መገንባታቸው ነው። ትልቅ ልዩነት ነው፤ እነሱን የምወዳቸውም ለዚሁ ነው። በምታቸው ውስጥ ስፍራ አለ። ባሱ ይመጣል፣ ይተዋል፤ ዝም ያለው ቦታ ራሱ ይሰማል። የሰርጉ ኦርጋን ዝም ማለትን አያውቅም።

የምኖርበት አገርም ተራ ቦታ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመሰከርበት ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለ፣ የድጓ ምስክር። ዙር አምባ አለ፣ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር። ደብረ ታቦር የአቋቋም ምስክር ናት። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ኮቾሮውን እየለመነ ዓመታት ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን የዜማ ምልክት መምህሩ ፊት አሰምቶ፣ ታርሞ፣ ተመስክሮለት ይሄዳል። ግዕዙን ከዕዝል፣ ዕዝሉን ከአራራይ በስህተት ያቀላቀለ አያልፍም። ይህን ስል ማሕሌቱን ከዳንኪራ ጋር ላስተካክል አይደለም፤ ሁለቱ የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ማለት የምፈልገው ድምፅን መስማት፣ መመዘን፣ ማረምና መመስከር የሚባለው ሥራ በዚህ አካባቢ በሚገባ የቆየ ሙያ መሆኑን ነው። የሙዚቃ ትችት ለእኛ ባዕድ ነገር የሚመስለው ካለ የተሳሳተ ግምት ነው።

አዲስ ነገርም እዚሁ ተሰምቶ ያውቃል። የፎገራው ናበጋ ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና የጣና ሞገድና የዳሩ ሸምበቆ ሲወዛወዝ አይተው ተክሌ የተባለውን አቋቋም እንደደረሱ ይነገራል። የጎንደር ሊቃውንት ለመቀበል አመነቱ፤ ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር ላይ ይዞት አስፋፋው ይባላል። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የማይታወቅበት ደብር ጥቂት ነው። መጀመሪያ ተከራከሩበት፤ ሊቃውንቱ አይተው፣ ሰምተው፣ በየወገናቸው ቆመው ነበር የተከራከሩት። ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ እንዲህ ያለ ክርክር አላገኘም። የተቃወመው እንኳ የለም። ተቃውሞ ማጣት ለአንድ ጥበብ ደግ ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ። ማሲንቆ መቺው ለምን ያቋርጣል?

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ተቀድቶ ተቆርጦ ስለገባ ነው። ሠሪው ከረጅሙ ቅጂ የወደደውን ቁራጭ ያወጣል፣ ይደጋግመዋል፣ ከባሱ ጋር ያስማማዋል። በዓለም ላይ ያለ ብዙ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንዲህ ይሠራል፤ ነውር አይደለም። ማሲንቆ ግን ሐረጉን ሳይጨርስ ሲቆረጥ የሚቀረው ሌላ ነገር ነው። አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት፣ የፍየል ቆዳ የለበሰች ሳጥን፣ አንድ ደጋን። ጣቱ ሲንሸራተት ከሰው ጉሮሮ የሚለየው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ሐረጉን እስኪጨርስ እንጠብቀዋለን፣ ንግግር ነውና። ከመካከል ሲታጠፍ ሽማግሌው የሰሙት ንግግሩን የተነጠቀ ሰው ነው። ለንደን ያለው ጸሐፊ ደግሞ ያንኑ ቁራጭ እንደ ሐረግ ሳይሆን እንደ ቀለም ይሰማዋል። ሁለቱም በእውነት ሰምተዋል፤ እኔ ግን የሽማግሌውን ይዣለሁ።

አንድ ማሲንቆ መቺ ወዳጅ አለኝ፤ በሰርግ የሚኖር። ከ«የአራዳ ልጅ» አንዱን ሥራ ደጋግሞ ካዳመጠ በኋላ ምቱን እንደወደደው፣ ባሱ ቢሰጠው ሌሊቱን ሙሉ እንደሚመታበት ነገረኝ። ያስከፋው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ ያለው ሙያተኛ ግጥም ሊቀበል አይችልም አለ። እውነት ነው። የእኛ አገር የአዝማሪ ጨዋታ ግማሹ ያለው አድማጩ ዘንድ ነው። አንዱ ከጥግ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ባለበት ቅኝት ተቀብሎ፣ ጥቂት አዙሮ፣ ሰምና ወርቁን አሳምሮ ይመልሰዋል። ሰርጉ የሚደምቀው፣ ነገር የሚወጣው፣ የተኳረፈ የሚታረቀው በዚያ ነው። የተቀዳ አዝማሪ ግን አይቀበልም። ባሱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መድረኩ ላይ ላፕቶፑን የከፈተው ወጣት የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ከሕዝቡ የሚመጣለትን ስንኝ የሚያስገባበት በር ከሌለው በእኛ ዘንድ ሙሉ ጨዋታ አይባልም።

በዚህ ዓምድ ልል የተነሣሁት እንግዲህ ይኸው ነው። የኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ቀጣዩ እርምጃ ሌላ ሸክላ አይመስለኝም። ላፕቶፑና አዝማሪው በአንድ መድረክ፣ ግጥም በሚሰጥ ሕዝብ ፊት መገናኘታቸው ነው። ያ ሕዝብ ደግሞ በብዛት ያለው እዚህ፣ ሰሜኑ ውስጥ ነው።

ከዚህ በፊት የባስ ሰዎች የአማርኛ ድምፅን ምን አድርገውት እንደነበር ላስታውስ፤ ታሪኩ የተቆራረጠ ቢሆንም አለ። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የተጠራውን አልበም ስታወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ባሲስት ቢል ላስዌል ነበር። ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ተሳትፈውበታል። ያንን አልበም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ላስዌል ያንኑ ቅጂ ፈትቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንደገና ሠራው፤ ይህኛውን ግን የሰማው ጥቂት ሰው ነው። እዚያ ውስጥ የጂጂ ድምፅ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከተራራ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ይርቃል፤ ፊት ለፊት የሚቀረው ባስና ክፍት ቦታ ነው። ለእኔ በአማርኛ ዜማ ላይ ከተሠሩ የባስ ሥራዎች ሁሉ የላቀው እሱ ነው። ምክንያቱም ላስዌል አይቆርጣትም፤ ያርቃታል እንጂ ቃሏን አይነጥቃትም። ዜማዋ በሩቁም ቢሆን ሐረጉን ይጨርሳል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሠሪዎች ይህን ልብ ብለው ቢሰሙት እወዳለሁ።

ሌላው ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋኒስት የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳ፤ አኮርዲዮን፣ ሙግ፣ ሮድስና የከበሮ ማሽን። «ሸሞንሟናዬ» የሚል ርእስ ነበረው። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተደመጠ፣ ጊዜው ሲያልፍ ተረሳ። ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። አሜሪካዊው ብሪያን ሺምኮቪትዝ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ግን ዓለም ተገረመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ካሴቱ የተገኘበት ቦታ ነው። ባሕር ዳር! የማሽን ከበሮና የአኮርዲዮን ዜማ ያጣመረ ሥራ በክልላችን ገበያ ላይ ነበረ ማለት ነው። በጊዜው ሰምቶ የወደደው ሰው ነበር፤ የጻፈለት ግን አልነበረም። ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ አንድ አላፊ መንገደኛ እስኪያነሣው ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት አይጠብቅም ነበር።

ጎረቤቶቻችንን ስመለከት ቅናት ይይዘኛል። ዳሬሰላም ውስጥ ሲንጌሊ የሚባል እጅግ ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አለ፤ የተወለደው በሰፈር ድግስ፣ መንገድ ላይ በቆመ ባፍል ነው። የኡጋንዳው ንዬጌ ንዬጌ ቴፕስ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳውንድስ ኦፍ ሲሶ»ን አሳትሞ ለዓለም ሲያሰማው የሠፈሩ ልጅ ቀድሞ ለዓመታት ጨፍሮበት ነበር። የሰፈሩ ፍርድ ቀደመ፣ የውጩ ግምገማ ተከተለ።

በእኛም አገር ሕዝቡ ኤሌክትሮኒክ ድምፅን አይወድም እንዳይባል ሮፍናን አለ። አልበሙ «ነጸብራቅ» በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ ማሽኑንና የአገር ቤቱን ዜማ አንድ ላይ ይዞ መጣ፤ ወጣቱ በአደባባይ ወጥቶ ተቀበለው። እስቴም ደርሶ በየባጃጁ ተሰምቷል። ሮፍናን ግን ዘፋኝ ነው፤ በአማርኛ ያወራሃል፤ በሩ ሰፊ ነው። የእነሚካኤል ዝምታ የበዛበት ሙዚቃ ያን ያህል ሕዝብ ይሰበስባል አልልም፤ መሰብሰብም የለበትም። ጥቂት ሰው በትክክል ቢሰማው ይበቃል፤ ያ ጥቂት ሰው ግን የግድ ከቦሌና ከዋሽንግተን ብቻ መሆን የለበትም።

መንገዱ ሩቅ ነው የሚል ካለ የኔዘርላንዱን «ዘ ኤክስ» ያስታውስ። እነዚህ የፓንክ ሙዚቀኞች እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም ዞረው ተጫውተዋል። ሙዚቃቸው ጩኸት ነው፤ ሰው ግን ወጥቶ አያቸው። በኋላም ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሠሩ። አዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበረው የመላኩ በላይ የባህል ቤት፣ ፈንድቃም፣ ከእነሱ ጋር ዓመታት ሠርቷል፤ ለአዝማሪውም ለጃዙም ለባዕዱም አንድ ወለል ሰጥቶ ነበር። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ያ ወለል አብሮ ሄደ፤ በጣም ያሳዝነኛል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ቤት ሲፈርስ ጥበቡ የት ይደር የሚለው ጥያቄ አጣዳፊ የሆነው ሌላ ቦታ ስላላበጀንለት ነው።

በዚህ መሐል የኛን የቅርብ ዓመታት መርሳት አይቻልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሰርግ በዳስ ሳይሆን በጓዳ ያለቀበት ቤት አለ፤ ማሲንቆ ከግድግዳ ሳይወርድ የከረመበትም አለ። ሙዚቃ የሚዘዋወረው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር። እኔ ያሉኝን ሥራዎች ለሙዚቃ ቤቶች ያካፈልኩት በዚያ ጊዜ ነው። በሐዘን ሰሞን የባስ ሙዚቃ ማውራት ተገቢ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሐዘን በዝምታ ብቻ አይወጣም ብዬ አምናለሁ፤ ሙሾውም፣ እንጉርጉሮውም፣ ፉከራውም የዚሁ አገር ነው። «ዘላለም» ውስጥ ያለው ያ የሚንከባለል ወፍራም ድምፅ የእንጉርጉሮ ዘመድ ሆኖ ተሰምቶኛል።

ስለ ክፍያም ልናገር። ማሲንቆው ተቀድቶ፣ ተቆርጦ፣ ሸክላ ላይ ሲወጣ መቺው ምን ያገኛል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ይሰጣል፤ ሥራው ሲቀዳ ፈቃዱ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ያለው መልካም ነው። የገጠሩ አዝማሪ ግን ስሙን የጻፈለት ካላገኘ መብቱን የት ሄዶ ይጠይቃል? ስለዚህ ማናቸውም ሠሪ ወደዚህ አካባቢ መቅረጫ ይዞ ከመጣ የመጀመሪያው ሥራው የመቺውን ስም ከነአባቱ፣ ከነቀዬው ሽፋኑ ላይ ማተም ይሁን። ገንዘቡ ቀድሞ ይከፈል፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭም ድርሻው በጽሑፍ ይታወቅ። ይህን የምጠይቀው ስለማከብራቸው ነው። በአገራቸው ድምፅ ላይ ይህን ያህል የለፉ ልጆች ይህንንም ያደርጋሉ ብዬ አስባለሁ።

ጋዜጦቻችንን የምጠይቀው ደግሞ ሌላ ነው። ለዘፋኞች ትዳርና መኪና ከሚሰጠው ገጽ ግማሹ ለሥራቸው ይሰጥ። «ቀን ሰው» ሲወጣ ምን ነበረበት? የትኛው ቅኝት ላይ ቆመ፣ ትዝታ ነው ወይስ አንቺሆዬ? ምቱ ከየትኛው አገር ጭፈራ ተነሣ፣ ወዴት አዛባው? ማሲንቆው ሐረጉን ጨርሷል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ አማርኛ አለን። የዜማ ቃላት አያጥሩንም፤ ያጠረን የሚጽፍበት ሰው ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከጎናችን ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ተማሪዎቻቸው ሰርግ ላይ የሰሙትን ጽፈው ቢልኩልኝ ይህን ዓምድ እለቅላቸዋለሁ።

ዝግጅቱም ከባድ አይደለም። መካነ ኢየሱስ ላይ ባፍሉ በኪራይ ይገኛል፤ ጄኔሬተሩም እንዲሁ። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት ከአዲስ አበባ ሁለት ሰው ከነላፕቶፓቸው ደብረ ታቦር ይድረሱ፤ ከዚያ እኛ እንቀበላቸዋለን። ከአካባቢው ሦስት ማሲንቆ መቺዎችና አንድ የዋሽንት ሰው ከቀኑ አስቀድሞ አብረዋቸው ይለማመዱ፤ ማሲንቆው ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲስማማ ከመገደድ ይልቅ ማሽኑ በማሲንቆው ቅኝት ይቃኝ። ይህ ቀላል ነው፤ ማሽኑ መቃኛ ቁልፍ አለው። ምቱም ቢሆን መቺው ሲረዝም ይርዘም፣ ሲያጥር ይጠር፤ ላፕቶፑ የሚከተል ይሁን። አዝማሪው ከባፍሎቹ መሐል ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ወጥቶ ይቁም፤ ማይኩ ሰዎቹ መካከል ይዙር፣ «ተቀበል!» የሚለው ሁሉ እንዲሰማ። ሽማግሌዎች ከፊት ይቀመጡ፤ ሴቶች ግጥም ለመስጠት አይሸማቀቁ፤ ሕፃናት ከባፍሉ ይራቁ፣ ለጆሯቸው ነው። መግቢያው የሻይ ዋጋ ይሁን። ሌሊቱ ሲያልቅ ከተቀዳው አንድ ቅጂ ለሙዚቃ ቤቶቹ በፍላሽ ይሰጥ፤ የመቺዎቹም ስም በአማርኛ ተጽፎ ይግባበት።